ከዛፉ ጋር የሚፈርስ ቤት
ትልልቅ ዛፎች ሲቆረጡ የጫካ ወፎች ምን ይሆናሉ? እኛ ከተሜዎችስ ምን አገባን?

አዲስ ቤት ስንገባ ወይም ልጅ ስንድር ከምንጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «እንጨቱ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። መልሱ «ዋንዛ» ከሆነ ፊታችን ይፈካል። የዋንዛ አልጋ ለልጅ ልጅ ይተርፋል እንላለን። በቀለሙ እናማርጣለን፣ በዋጋው እንከራከራለን፣ አናጺውን ቀጠሮ እንዳያበዛ እንለምናለን። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ ቤት የሚሞላው በላብ ነውና።

እኔ በሙያዬ የገበያ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ አንድ ዕቃ ከየት ተነሥቶ፣ በእነማን እጅ አልፎ ገዢው ዘንድ እንደሚደርስ መከታተል ነው። የእንጨትን መንገድ ወደ ኋላ ብንከተለው ከአናጺው ወደ ጣውላ ሻጩ፣ ከጣውላ ሻጩ ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ጫካው ያደርሰናል። እዚያ ስንደርስ በምንም ደረሰኝ ላይ ያልተጻፈ ጥያቄ እናገኛለን፦ ይህ ዛፍ ቆሞ ሳለ ማን ይኖርበት ነበር?

ጫካ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ነው

በሞቃታማው የዓለም ክፍል የሚገኝ ደን ምን እንደሚመስል በቀላሉ ለመረዳት አንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ያስቡ። ምድር ቤቱ ጥላማና እርጥብ ነው። እዚያ የሚኖሩት ወፎች የወደቀ ቅጠል እየገለበጡ ትልና ጉንዳን የሚለቅሙ ናቸው። ከእነርሱ ከፍ ብሎ በቁጥቋጦና በቀጫጭን ዛፎች መካከል ነፍሳት አዳኞች ይኖራሉ። መካከለኛው ፎቅ የግንደ ቆርቁር ሰፈር ነው። ጣሪያው ላይ፣ ፀሐይና ፍሬ በሞላበት፣ በቀቀኖችና ሌሎች ፍሬ በሊታዎች ይፈነጫሉ።

እያንዳንዱ ፎቅ የራሱ ብርሃን፣ የራሱ እርጥበት፣ የራሱ ምግብ አለው። የምድር ቤቱ ነዋሪ ቤቱ ሲፈርስ ጓዙን ጠቅልሎ ጣሪያ ላይ መኖር አይችልም።

እንጨት ቆራጮች ብዙውን ጊዜ ደኑን በሙሉ አይጨፈጭፉም። ገበያ ያላቸውን ትልልቅ ዛፎች መርጠው ይቆርጣሉ። ስለዚህ ከሩቅ ሲያዩት ጫካው አሁንም አረንጓዴ ነው፤ በመኪና የሚያልፍ ሰው ምንም የጎደለ አይመስለውም። ውስጡ ግን ተለውጧል። አንድ ግዙፍ ዛፍ ሲወድቅ ጎረቤቶቹን ይዞ ይወድቃል። በተከፈተው ጣሪያ ፀሐይ ይገባል፣ መሬቱ ይደርቃል፣ ሐረግና ቁጥቋጦ ይወርረዋል። እንጨቱን ለማውጣት ደግሞ መንገድ ይጠረጋል።

ያ መንገድ ለእኛ ምንም አይደለም፤ ለአንዳንድ ወፎች ግን ግንብ ነው። በብራዚል አማዞን፣ ማናውስ ከተማ አቅራቢያ፣ ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደን ሲቆራረጥ ምን እንደሚሆን የሚከታተል የምርምር ፕሮጀክት አለ። ተመራማሪዎቹ እንዳዩት በጫካው ጥላ ውስጥ መኖር የለመዱ ብዙ ወፎች ጥቂት አሥር ሜትር ስፋት ያለውን ገላጣ መንገድ እንኳ መሻገር ይሸሻሉ። ክንፍ ስለሌላቸው አይደለም፤ ብርሃኑና ግልጽነቱ ስለሚያስፈራቸው ነው።

በዚያው አካባቢ የጉንዳን ሠራዊት እየተከተሉ የሚኖሩ ወፎች አሉ። ጉንዳኖቹ በቅጠሉ ላይ ሲዘምቱ ፌንጣውና ሸረሪቱ ነፍሱን ሊያድን ይሮጣል፤ ወፎቹም እየጠበቁ ይቀልቡታል። አንድ የጉንዳን ሠራዊት ሰፊ ደን ይፈልጋል። ደኑ ወደ ትንንሽ ቁራጮች ሲለወጥ ጉንዳኖቹ ይጠፋሉ፣ ብዙ ሳይቆይም ወፎቹ ይከተላሉ። አንዲት ወፍ እንኳ በጥይት ሳትመታ ሰፈሩ ጭር ይላል።

የአራስ ቤቷ ወፍ

ለእረፍት ሐዋሳ ወይም ወንዶ ገነት ሄደው ከሆነ ይህችን ወፍ ሳያዩ አልቀሩም። ትልቅ ናት፤ ጥቁርና ነጭ ላባ አላት። ምንቃሯ ላይ እንደ ራስ ቁር የተደፋ ነገር ይታያል፤ የወንዱ ደግሞ የበለጠ ይገዝፋል። ስትበር የክንፏ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ሾላና ዋርካ ሲያፈራ አትጠፋም። የወፍ ባለሙያዎች ወገኖቿን በሙሉ «ሆርንቢል» ይሏቸዋል፤ በአፍሪካና በእስያ ብዙ ዓይነት አላቸው።

የሆርንቢል ኑሮ እኛ በደንብ የምናውቀውን ነገር ያስታውሳል፤ አራስ ቤትን። እናቲቱ እንቁላል ልትጥል ስትል በአንድ ትልቅ ዛፍ ግንድ ውስጥ ወዳለ ጎድጓዳ ትገባለች። ወንዱ ጭቃ ያመጣላታል፤ እርሷም ከውስጥ ሆና በሩን ትመርገዋለች። የሚቀረው ምንቃር ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ስንጥቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ከሦስት ወር በላይ አትወጣም። አባት በየቀኑ ፍሬ በጉሮሮው ሞልቶ እየተመላለሰ በስንጥቋ በኩል ያጎርሳታል፤ ጫጩቱ ሲፈለፈልም እርሱኑ ይመግባል። አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ለመብረር የሚበቃው አንድ ጫጩት ነው።

እዚህ ላይ ነው የዛፉ ጉዳይ የሚመጣው። ግንደ ቆርቁር ቤቱን በራሱ ምንቃር ይቦረቡራል። ሆርንቢል ግን አይችልም። የሚፈልገው ጎድጓዳ የሚፈጠረው ቅርንጫፍ ተሰብሮ፣ ግንዱ ቀስ በቀስ በሻጋታ ተበልቶ፣ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈው ነው። ለብዙ የዛፍ ዓይነቶች ይህ ከመቶ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። እናትና ጫጩት የሚይዝ ሰፊ ክፍል ደግሞ የሚገኘው በወፍራም ግንድ ውስጥ ብቻ ነው።

ጣውላ ፈላጊውም፣ ቤት ፈላጊዋም ዓይናቸውን የሚጥሉት በዚያው በሽማግሌው ዛፍ ላይ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነው ዛፍ ለጣውላ ባይመችም ከጎኑ ያለው ሲወድቅ አብሮ ይሰበራል፤ ወይም «ለምንም አይረባም» ተብሎ ለማገዶ ይሄዳል። ቆራጩ ሲወጣ ወጣቶቹ ዛፎች ይቀራሉ። እነርሱ ጥላ ይሰጣሉ፣ ፍሬም ይሰጣሉ፤ አራስ ቤት ግን የላቸውም። ሆርንቢል ዕድሜዋ ረጅም ስለሆነ ለዓመታት በዚያ ጫካ ላይ ስትበር ልናያት እንችላለን። ወፏ አለች፤ ልጅ ግን የላትም።

ከቦርኒዮ የተሰማ ያልተጠበቀ ዜና

በደቡብ ምሥራቅ እስያ ቦርኒዮ የምትባል ትልቅ ደሴት አለች። በሰሜኗ፣ በማሌዥያዋ ሳባ ግዛት፣ ዳነም ቫሊ የሚባል ያልተቆረጠ ደን ተጠብቆ ይገኛል፤ ስፋቱ 438 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዙሪያው ግን ለአሥርት ዓመታት እንጨት ሲወጣበት የኖረ ደን ነው። ከዚህ ውስጥ አንዳንዱ አንድ ጊዜ፣ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ተቆርጧል።

ዴቪድ ኤድዋርድስ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሦስቱን ደኖች አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱን አሳተሙ። ባልተቆረጠው ደን ውስጥ ከሚኖሩት የወፍ ዝርያዎች ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሁለት ጊዜ በተቆረጠው ደን ውስጥም ተገኙ።

ይህን ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ዓይነት ሊያነበው ይችላል። አንዱ «እንግዲያው መቁረጡ ጉዳት የለውም» ሊል ይችላል። ነገር ግን የጎደሉትን ይመልከቷቸው። የሚጎዱት በአብዛኛው ሌላ ቦታ መኖር የማይችሉት፣ በጥላ ውስጥ ነፍሳት እያደኑ የሚኖሩት ናቸው። በቦታቸው የሚገቡት የጫካ ዳርና ገላጣ የሚወዱ፣ የትም የሚገኙ ወፎች ናቸው። የወፉ ብዛት ላይቀንስ ይችላል፤ የሚቀንሰው የማይተካው ነው። በዝርዝሩ ላይ ስሙ መገኘቱም ብቻውን አይበቃም። ቀድሞ አሥር ሆኖ ይታይ የነበረው አሁን አንድ ሆኖ ቢታይ በዝርዝሩ ላይ ያው «አለ» ተብሎ ነው የሚጻፍ።

ሁለተኛው ሰው ደግሞ «ጫካው አንዴ ከተነካ በቃ፣ አልቆለታል» ይላል። ይህኛው አባባል የበለጠ አደገኛ ነው። ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ «ካለቀለትማ መንጥረን ሌላ እንትከልበት» የሚል ነው። በቦርኒዮ በብዙ ቦታ የሆነው ይኸው ነው፤ የተቆረጠው ደን ተመንጥሮ የፓልም ዘይት እርሻ ሆነ። በአማካይ ሲታይ በድንግል ደን ውስጥ ከሚኖሩ የእንስሳት ዝርያዎች በፓልም እርሻ ውስጥ የሚገኙት 15 በመቶ ብቻ እንደሆኑ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ጎዳና ላይ የምንሰማውን «የተበላሸ ደን» የሚል ቃል በጥንቃቄ እንያዘው። የተጎዳ ደን የሞተ ደን አይደለም። ሽማግሌ ዛፎቹ ከተረፉለትና ጊዜ ከተሰጠው ያገግማል።

ወደ ራሳችን ጫካ ስንመለስ

ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ያላት አገር ናት። ከእነዚህ ውስጥ ከደኖቻችን ጋር ዕጣቸው የተቆራኘ አሉ። ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። ክንፈ ጥቁሯ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ከእኛና ከኤርትራ ውጪ አገር የላትም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በቆዩ ዛፎች ላይ እየጮኸች ስታልፍ ይሰሟታል። ሁለቱም ጎጆአቸው የዛፍ ቀዳዳ ነው።

በደቡብ በኩል፣ በነጌሌ ቦረናና በአረሮ አካባቢ በጠባብ ስፍራ ብቻ የሚኖር ሩስፖሊ ቱራኮ የሚባል ውብ ወፍ አለ። ሲቀመጥ አረንጓዴ፣ ክንፉን ሲዘረጋ ደማቅ ቀይ ነው። ታሪኩም ልብ ወለድ ይመስላል። ወፉን የሰበሰበው የጣሊያኑ ልዑል ዩጂኒዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። ወፉ በጓዙ ውስጥ ቢገኝም የት እንደያዘው አልጻፈም ነበር። ሳይንስ የወፉን መኖሪያ እንደገና እስኪያገኘው አሥርት ዓመታት አለፉ። ዛሬ ወፉን የሚያሰጋው የእንጨትና የማገዶ ቆረጣ ነው። ጉንጨ ነጩ የቅርብ ዘመዱ ከእርሱ ጋር እየተገናኘ መዳቀላቸውም ተመዝግቧል። አንድ ጊዜ አድራሻው የጠፋ ወፍ ሁለተኛ እንዲጠፋ ማየት የሚፈልግ ያለ አይመስለኝም።

ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ብዙ ከተፈለጉ የአገር ዛፎቻችን መካከል ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እነዚህን አራቱን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ዋንዛ ግን በገበሬ ማሳና በቡና ጥላነትም ይበቅላል፤ ስለዚህ ገበያ ላይ ያለ ዋንዛ ሁሉ ከጫካ የተሰረቀ ነው ማለት አይቻልም። ሁለቱን የሚለየው የገዢው ጥያቄ ነው። ገዢ ካልጠየቀ ሻጭ አይመልስም፤ ይህን በገበያ ሥራ ውስጥ በየቀኑ እናየዋለን።

ጫካ ዳር የሚኖረውን አባወራም አንርሳ። ለልጁ ደብተር መግዣ አንድ ዛፍ የሚጥል ሰው ጨካኝ አይደለም፤ ሌላ የሚሸጥ ነገር ያጣ ሰው ነው። እናም ጥያቄው «ለምን ቆረጠ?» ሳይሆን «ዛፉ ቆሞ እንዲበላበት ምን እናድርግ?» መሆን አለበት።

መልሱ ስኒያችን ውስጥ ይሆን?

አንዱ መልስ በየዕለቱ የምናፈላው ቡና ነው። በካፋ፣ በሸካና በያዩ ቡና የሚበቅለው በአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ሦስቱም ስፍራዎች በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። ኢቫን ቢችሊና ባልደረቦቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደንና የጥላ ቡና ውስጥ ወፎችን በመረብ እየያዙ፣ እየመዘገቡና እየለቀቁ ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። በደኑ ውስጥ ከተመዘገቡት ዝርያዎች ከአንዱ በቀር ሁሉም በቡናው ውስጥም ተገኝተዋል። ተመራማሪዎቹ የኢትዮጵያ የጥላ ቡና ምናልባት በዓለም ላይ ለወፎች እጅግ የሚስማማው ቡና ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል።

ጥናቱ ሌላም ነገር ተናግሯል። ደን ብቻ የሚወዱትና በጥላ ውስጥ ነፍሳት የሚያድኑት ወፎች ብዛታቸው በደኑ ውስጥ ይበልጣል። ማለትም የጥላ ቡና ደኑን ያግዛል እንጂ አይተካውም። ሁለቱም ጎን ለጎን ያስፈልጋሉ።

ወፎቹም ውለታ ይመልሳሉ። በሰሜን ታንዛኒያ በኪሊማንጃሮ ተራራ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ወፎችና የሌሊት ወፎች ተባይ ስለሚበሉ የቡናው ፍሬ አያያዝ በ9 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ሆርንቢሏም ብትሆን የበላችውን ፍሬ ዘር ሩቅ ወስዳ ትጥላለች፤ ጫካውን የምትተክለው ያለ ደመወዝ ነው።

የታይላንድ ቤተሰቦች ያደረጉት

በደቡብ ታይላንድ ቡዶ በሚባል ተራራማ ደን ውስጥ የሆርንቢል ጫጩቶች ከጎጆአቸው እየተሰረቁ ይሸጡ ነበር። ፒላይ ፑንስዋድ የተባሉት ሳይንቲስት በዚያ ያገኟቸውን ሌቦች አልከሰሱም፤ ቀጠሯቸው። የትኛው ዛፍ ላይ ጎጆ እንዳለ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለምና ጠባቂና መዝጋቢ ሆኑ። ደመወዛቸው ከየት መጣ? ከከተማ ቤተሰቦች። በከተማ የሚኖር ቤተሰብ አንድ ጎጆ «በማደጎ» ይይዛል፣ ገንዘብ ያዋጣል፣ በምላሹም ስለ ጎጆው መረጃ ይደርሰዋል። ቡድኑ ወለላቸው የሰመጠ ወይም በራቸው የጠበበ የዛፍ ቀዳዳዎችን ይጠግናል፤ ሰው ሠራሽ ጎጆም ይሰቅላል። ሳይንቲስቷ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2006 የሮሌክስ ሽልማት አግኝተዋል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት ታይላንዶች በተግባር አሳዩን። በየማኅበሩና በየዕድሩ መዋጮ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመኮረጅ ብዙ የሚቸገር አይመስለኝም።

ከቤትዎ ይጀምሩ

ይጠይቁ። ዕቃ ሲያሠሩ አናጺውን «እንጨቱ ምንድን ነው?» ካሉት በኋላ «ከማሳ ነው ከጫካ? ከየትኛው አካባቢ?» ብለው ይጨምሩ። መልስ የሌለው ሻጭ ዘንድ አይቸኩሉ።

የተተከለ እንጨት ይምረጡ። ለብዙ የቤት ዕቃ ባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጥድ ወይም ግራቪሊያ በቂ ነው። ዋንዛ የግድ ካስፈለገ ለሚታየው ክፍል ብቻ ይዋል።

አሮጌውን ያድሱ። የእናትዎ ቁም ሳጥን በአንድ ጎበዝ አናጺ እጅ አዲስ ይሆናል። አንድ ዛፍም ይተርፋል።

የደን ቡና ይግዙ። ሲገዙ የመጣበትን ቦታ ይጠይቁ። ለጥላ ቡና የሚከፈል የተሻለ ዋጋ ዛፉ ቆሞ እንዲያበላ ያደርጋል።

ሽማግሌውን ዛፍ ይተዉት። በግቢዎ፣ በትምህርት ቤቱ ወይም በሰፈሩ ያለ ያረጀ ዛፍ ለሰው የማያሰጋ ከሆነ ቀዳዳውን በሲሚንቶ አይድፈኑት። አንዲት ወፍ ተራ እየጠበቀች ሊሆን ይችላል።

ችግኝ ሲተክሉ አገር በቀል ይሁን። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ወይራ፣ ቦታው ሰፊ ከሆነም ሾላ ይትከሉ። የዛሬው ችግኝ ግን የዛሬውን ሽማግሌ ዛፍ ቶሎ አይተካውም፤ ተከላውም ጥበቃውም አብረው ይሂዱ።

ልጆችን ይውሰዱ። እንጦጦ፣ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ወይም ወንዶ ገነት ሲሄዱ ልጆችዎ ጣሪያውን፣ መካከለኛውን ፎቅና ምድር ቤቱን ለይተው በየፎቁ ያዩትን ወፍ ይቁጠሩ። ደብተርና እርሳስ ይበቃል።

ለልጆቻችን ዘመን የሚሻገር ዕቃ መተው እንወዳለን። ሳሎን ያለው አልጋና ጠረጴዛ ስልሳ ወይም ሰባ ዓመት ያገለግል ይሆናል። ሆርንቢሏ አራስ የምትሆንበት ዛፍ ግን ዛሬ ቢወድቅ ምትኩ የሚደርሰው ለልጅ ልጆቻችን ልጆች ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አናጺ ቤት ሲቆሙ ሁለቱን ዕድሜዎች አስተያይተው ይዘዙ።